ተዛውራለች ያልኳት ልጅ

ይህን ነገር ለባሌ አልነገርኩትም። ለእህቴም አልነገርኳትም። ከአጠገቤ ተቀምጣ ስንት ዓመት አብራኝ ለሠራችው ባልደረባዬም ትንፍሽ አላልኩም። ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖሬ ነበር፤ ቆይቼ ሳስበው ግን ለእሳቸውም ያቀረብኩት ሪፖርት ነው። «በሥራዬ ላይ ትክክል ያልሆነ ነገር አስጽፌያለሁ» አልኳቸው፣ በቃ። ማን እንደተጎዳ ሳይጠይቁኝ መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ። የሰጡኝን ስግደት ሳላጓድል ሰገድኩ፤ ጉልበቴን አመመኝ እንጂ ልቤን አልነካውም። አንተም ሁን አንቺ፣ ይህን የምታነብ ሰው ልትጠይቀኝ ስለማትችል፣ እኔው ራሴን እየጠየቅኩ ልናገር።

የምሠራበትን ቢሮ ስም አልጠራም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ የቢሮው ስም ምን ይጨምራል? እንጀራዬ ይህ ነው፦ ካዛንቺስና ዙሪያዋ ያሉ ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚሻሻሉ ከርዕሰ መምህራኑ ጋር ተቀምጦ ግብ ማስቀመጥ፣ ከዚያም ዓመቱን ሙሉ መከታተል። ስንት ልጅ ያልፋል፣ ስንቱ ይደግማል፣ ስንቱ ትምህርቱን ያቋርጣል። ግቡን የመታ ትምህርት ቤት ግድግዳዬ ላይ ባለው ሠንጠረዥ አረንጓዴ ይቀባል፣ የተቃረበ ቢጫ፣ የወደቀ ቀይ። የጠመኔ ብናኝ ስተነፍስ ከኖርኩ በኋላ ይህን ሥራ ሳገኝ ወድጄው ነበር፤ አልዋሽም። አረንጓዴው ሲበዛ የልጆቹ ሕይወት የተቃና ይመስለኝ ነበር። ደግሞም መሞገስ እወዳለሁ። በስብሰባ መካከል «የወይዘሮ ሰብለን ክትትል ተመልከቱ» ሲባል አንገቴን ደፋ አደርጋለሁ እንጂ ውስጤ ይጨፍራል።

የትም ያልተጻፈ፣ ግን ሁላችንም የምናከብረው አንድ ደንብ አለን፤ የዘንድሮ ግብ ከአምናው ውጤት ዝቅ አይልም። አምና ትንሽ ያሳመርናት ቁጥር ዘንድሮ መነሻ ሆና ትመጣለች፤ ከእሷም በላይ መሻሻል አለብን። ኧረ ይሄ መሻሻል ማለቂያ የለውም ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

ካዛንቺስ በፈረሰ ዓመት የሆነውን የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ አልደግመውም። ሰው አልጋውንና ቁምሳጥኑን በአይሱዙ ጭኖ ከተማው ጫፍ ወዳለ ኮንዶሚኒየም ሄደ። ልጆቹም አብረው ሄዱ። አንዳንዱ ወላጅ ቀልጠፍ ብሎ መሸኛ ወሰደ፤ መሸኛ የምንለው አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ይዞት የሚሄደውን ወረቀት ነው። ሌላው ግን በዚያ ጥድፊያ ማን መሸኛ ያስታውሳል? ልጆቹ ለጥቂት ጊዜ በታክሲ እየተመላለሱ ተማሩ፣ ከዚያ ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው እያሉ ቀሩ።

በዚያ ዓመት አጋማሽ ርዕሰ መምህራኑን ሰብስቤ የግባችንን አፈጻጸም ስንገመግም፣ ጋሽ ታደሰ ተነሡ። ጡረታቸው የተቃረበ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ርዕሰ መምህር ናቸው። ያቋረጡ ልጆቻቸውን ቁጥር እንዳለ አነበቡት። ቀይ ነበር፣ ያውም ደማቅ ቀይ። የእሳቸው ቀይ የእኔን ሠንጠረዥ ሊያበላሽ ነው። እና እኔ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ እንዲህ አልኩ፦

«ጋሽ ታደሰ፣ እነዚህ ልጆች መች አቋረጡ? ቤታቸው ፈርሶ ሄዱ እንጂ። ተዛውረዋል ይበሏቸው።»

«ኧረ እህቴ! መሸኛ ያልወሰደን ልጅ እንዴት ተዛወረ እላለሁ?»

«መሸኛው ይደርሳል።»

መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ «እንግዲህ አንቺ ካልሽ» ብለው ተቀመጡ። ማታ ቤቴ ሆኜ ያንኑ ትእዛዝ በቴሌግራም ግሩፓችን ለሁሉም ላክሁት። አውራ ጣት እያስቀመጡ ተቀበሉኝ። በሳምንቱ ግድግዳዬ አረንጓዴ ሆነ።

ያደረግኩት ምን እንደሆነ በደንብ ይገባህ። ያቋረጠ ልጅ ይፈለጋል። መምህሩ ይደውላል፣ ቤቱ ድረስ ይሄዳል፣ ወላጁን ያናግራል፣ ደብተር ቢያጣ ደብተር፣ ዩኒፎርም ቢያጣ ዩኒፎርም ይፈለግለታል። ተዛወረ የተባለን ልጅ ግን ማንም አይፈልገውም፤ ሌላ ቦታ እየተማረ ነዋ! እኔ አንዲት ቃል ቀይሬ እነዚያን ልጆች የሚፈልጋቸው ሰው እንዳይኖር አደረግኩ። ይህን አላውቅም ነበር? ያቋረጠ ልጅ እንዴት እንደሚፈለግ ለመምህራኑ ሥልጠና የምሰጠው እኔ ነኝ እኮ! አውቄ ነው ያደረግኩት።

ከሁለት ወር በኋላ ይመስለኛል፣ መሠረት የምትባል ወጣት መምህርት ከጋሽ ታደሰ ትምህርት ቤት ወደ ቢሮዬ መጣች። ቁጭ እንኳን አላለችም።

«ወይዘሮ ሰብለ፣ ረድኤት የምትባል የስምንተኛ ክፍል ተማሪ አለችኝ። ማለቴ... ሲስተሙ ላይ ተዛውራለች ይላል። እናቷ ጋ ስደውል ግን ልጅቷ ቤት ነው የተቀመጠችው። አዲሱ ሰፈራቸው ያለው ትምህርት ቤት መሸኛ ካላመጣሽ አላት፣ እኛ ጋ ደግሞ ዳይሬክተሩ ከቢሮ ካልታዘዝኩ አልሰጥም አሉ። በቃ መሀል ላይ ቀረች።»

«እሺ፣ አየዋለሁ» አልኳት። እኛ ቢሮ አየዋለሁ የተባለ ጉዳይ ምን እንደሚሆን ገና አልገባትም ነበር፤ ደስ ብሏት ሄደች።

ጋሽ ታደሰ የፈሩት እኔ የፈራሁትን ነው። ከበላይ ገምጋሚ ቡድን ሊመጣ ነበር። ከወራት በፊት ተዛውራለች ላልናት ልጅ ዛሬ መሸኛ ብንጽፍ፣ እስከ ዛሬ ምን ላይ ነበረች መባሉ አይቀርም። ስለ አንዷ ከተጠየቀ ደግሞ ስለ ሌሎቹም ይጠየቃል፤ ሹራብ ከአንድ ክር ነው የሚተረተረው። ስለዚህ ዝም አልኩ። አንዲት ወረቀት ነበረች፤ አንድ ፊርማና አንድ ማኅተም። ዝም አልኩ።

እናትየዋ ራሷ መጣች። ዘነበች ትባላለች። ኦሎምፒያ አንድ ሕንጻ ላይ ታጸዳለች፤ የሥራ ጋዋኗ ከነጠላዋ ሥር ይታይ ነበር፣ አለቃዋን ለምና ነው የወጣችው። በሩ አጠገብ ቆማ እጅ ነሣችኝ።

«እመቤቴ፣ ልጄ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ተፈታኝ ናት። ምዝገባው ሊዘጋ ነው አሉኝ። ጎበዝ ናት፣ መምህሯን ይጠይቁ።»

ይህን ጊዜ ምን ማለት ነበረብኝ? ቁጭ በይ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው፣ አሁኑኑ እደውላለሁ። ይኸው፣ አሁን እንኳን ስጽፈው ትንፋሽ አልፈጀብኝም። ያልኳት ግን ይህን ነው፦

«በጊዜው መውሰድ ነበረብሽ እኮ፣ የኔ እህት። ሰው መሸኛ ሳይዝ ይሄዳል እንዴ?»

ፊቷ ተለወጠ። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፤ በተቆጣችኝ! «ልክ ነዎት» አለች፤ «ቤቱ ሲፈርስ ተዋክቤ ነው። የኔው ጥፋት ነው።»

«ከግምገማው በኋላ ነይ።»

«እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላኝ ሄደች። ወንበር እንኳን አልሰጠኋትም።

ግምገማው ተራዘመ። ደግሞ ተራዘመ። ዘነበች ተመልሳ ስትመጣ በመስኮት አየኋትና ጥበቃው ስብሰባ ላይ ነች እንዲላት አደረግኩ። ስብሰባ አልነበረኝም። መጋረጃው ጥግ ቆሜ እስክትወጣ ጠበቅኩ። ከውጭ ያለው አግዳሚ ላይ ብዙ ተቀመጠች፣ ስልኳን አየች፣ ተነሣች፣ ሄደች።

በመጨረሻ ገምጋሚዎቹ መጡ፤ ግድግዳዬን አዩ፣ ፎቶ አነሡት፣ አመሰገኑን። ማቋረጥን በመቀነስ አንደኛ ወጣን። ደምበል አካባቢ ካለ ኬክ ቤት ቶርታ ተገዛ፤ ቢላዋውን ያዢ ተብዬ የቆረስኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ ጋሽ ታደሰ ጋ ደወልኩ። «ለዚያች ልጅ መሸኛዋን ይስጧት» አልኳቸው። «አሁን?» አሉኝ። አሁን ብቻ ነው ያሉት። የሚኒስትሪ ምዝገባው ተዘግቶ ነበር።

ጨከንኩ ብል ውሸት ነው፤ ክፋት እንኳን አልነበረኝም። አለቃዬ አስገድዶኝ ነው ማለት ብችል እንዴት ደስ ባለኝ! ግን አላስገደደኝም። ከሥራ እባረራለሁ ብዬም አይደለም፤ በቀይ የተባረረ ሰው አላውቅም። የፈራሁት ሻይ ላይ «ሰብለ ዘንድሮ ወደቀች» እንዳይሉኝ ነው። ለዚህ! ለሻይ ወሬ የሰው ልጅ ሜዳ ላይ ጣልኩ። አስተማሪ ነበርኩ እኔ፤ አንድ ልጅ ስም ጥሪ ላይ አቤት ሳይል ሲቀር ቀኑን ሙሉ የሚከነክነኝ ሰው ነበርኩ። ያቺን አስተማሪ የት ጣልኳት?

ዓመት አለፈ። በቀደም ኡራኤል ታክሲ ስጠብቅ አንዲት ሴት ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። ዘነበች ነበረች። ደነገጥኩ፤ ልትጮህብኝ ነው ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። እሷ ግን ጉንጬን ሳመችኝ።

«ረድኤትስ?» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

«ሰው ቤት ገባች፣ ልጅ ትጠብቃለች። በዓመቱ ግቢ ብላት፣ ከትናንሽ ልጆች ጋር አልቀመጥም ብላ እንቢ አለችኝ። አሁን ከነጭራሹ አታናግረኝም። መሸኛዬን ረስተሽ አስቀረሽኝ ትላለች። እውነቷን ነው፤ እርስዎም ያኔ ነግረውኛል።» እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «እርስዎ ግን ብዙ ደክመውልናል። በኋላም ቢሆን ያሰጡኝ እርስዎ ነዎት አሉ። እግዜር ውለታዎን ይክፈልዎ።»

«አሜን» አልኩ።

አሜን! አፌ እንዴት ተላቀቀ? ታክሲው መጣ፣ ገባሁ፣ ሒሳቤን እሷ ከፈለችልኝ። ከውጭ ቆማ እጇን እያውለበለበች ሸኘችኝ። እዚያው ልነግራት እችል ነበር። ሰው በዝቶ ነው፣ ታክሲው ቸኩሎ ነው ልልህ አልፈልግም። ፈርቼ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም፤ ይህን ደግሞ እንድታዝንልኝ አልነገርኩህም።

ይህን ጽሑፍ ነገ ለኃላፊዬ እሰጣለሁ፤ የሚያደርጉኝን ያድርጉኝ። ሌሎቹ ተዛውረዋል ያስባልኳቸው ልጆች የት እንዳሉ አላውቅም። አንዳንዶቹ እየተማሩ ይሆናል፤ ይሆናል ብቻ ነው የምለው። የረድኤትን ስልክ ከመሠረት ተቀብያለሁ። ደግሜ ደጋግሜ ቁጥሩን አውጥቼ መልሼ ዘግቼዋለሁ፤ ስለዚህ ድፍረቱ እስኪመጣ ሳልጠብቅ መጀመሪያ እዚህ ልጻፈው።

ዘነበች፣ ይቅር በይኝ ለማለት ገና አልበቃሁም። ረድኤት፣ አንቺን ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን በይኝ። እናትሽ መሸኛሽን አልረሳችውም። ሥራዋን ጥላ፣ በሬ ላይ ቆማ ለምናኛለች። የከለከልኳት እኔ ነኝ።