ዕቃ መጀመሪያ፣ ሰው ኋላ

የደንገል ታንኳ አጫጫን ሥርዓት አለው። ዕቃው ቀድሞ ከመሐል ይደላደላል፤ ሰው የሚሳፈረው ኋላ ነው። ሰው ቀድሞ ወጥቶ ዕቃ ልቀበል ካለ ታንኳው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ የቀረውን ውሃው ይጨርሰዋል። እኔ ይህን ሥርዓት አላፈርስም ነበር። ከቀኛዝማች ጋር የተጣላነውም በዚሁ ነው።

ቀኛዝማች ጎረቤታችን ነበሩ። በጣሊያን ጊዜ ፎገራ ላይ ጦር መርተዋል። ወረታ የሰፈረው የጣሊያን ሹም፣ «መጀመሪያ ጠመንጃህን አስረክብ፣ ከዚያ አንተ ግባ፤ ምሕረት ታገኛለህ» ብሎ መልእክተኛ ሰደደባቸው።

«ጠመንጃዬን የፈለገ ጭቃውን ተሻግሮ ራሱ ይምጣ» አሉት።

ሹሙ እውነትም መጣ፤ ክረምቱም አብሮት መጣ። ካሚዮኖቹ ዋልካው ውስጥ እስከ ሆዳቸው ሰመጡ። ይህን በየሰንበቴው ሲያወሩ ሰምተን ሰምተን፣ አንዲት ቃል ቢዘሉ የምናርማቸው እኛ ነበርን።

አንድ ዓመት በነሐሴ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን አለበሰው። የመንደሩ ሰው ከብቱን እየነዳ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ወጣ። የቀኛዝማች ላም ልትወልድ ተቃርባ ስለነበር እሳቸውና ባለቤታቸው ቀሩ። ላሚቱ ወለደች፤ ውሃውም ደረሰ። ታንኳዬን እየገፋሁ ስደርስ ቀኛዝማች ምንሽራቸውን ታቅፈው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። የጭቃው ግድግዳ ከሥሩ ይሟሟል።

«ማን ላከህ?» አሉኝ።

«ማንም አልላከኝም፣ ቀኛዝማች። ቤቱ ሊወድቅ ነው፤ ይውጡ።»

«ይህ ውሃ ከእኔ ጋር ሆኖ ጣሊያንን ወግቷል። ያውቀኛል።»

«አንቱን ቢያውቅ እኔን የት ያውቀኛል!» አሉ ባለቤታቸው፣ ጓዛቸውን እያቀበሉኝ።

ጓዙን ደለደልኩ። ጥጃውንም እግሩን አስሬ ከመሐል አስተኛሁት። ከዚያ እጄን ዘረጋሁ።

«ጠመንጃውን ይስጡኝ።»

«ምን አልክ?»

«ዕቃ ይቀድማል። መጀመሪያ ጠመንጃው፣ ከዚያ እርስዎ።»

ቀኛዝማች ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «ሰማሽ? ጣሊያኑ ያለኝ ይህንኑ አይደለም? ደግሞ ምንሽሬን ዕቃ አለው!»

«አንቱ ሰውዬ፣ ይህ የጎረቤት ልጅ ነው እንጂ ጣሊያን አይደለም።»

«ጣሊያንም የላከብኝ ጎረቤት ነበር።»

በጓዳ በኩል አንዱ ግድግዳ ተንዶ ውሃው ውስጥ ገባ። ቀኛዝማች አልተነቃነቁም። ባለቤታቸው ግን ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ታንኳው ላይ ወጡ።

«ግፋ፣ ልጄ።»

«እሳቸውስ?»

«ግፋ አልኩህ። ላሚቱንም አውቃታለሁ፣ እሳቸውንም አውቃቸዋለሁ።»

ገፋሁ። ጥጃው እምቧ አለ። ላሚቱ አንዴ ወደ ቀኛዝማች፣ አንዴ ወደ እኛ አየችና ውሃው ውስጥ ገባች።

«ነይ! ተመለሺ! አንቺ ከዳተኛ!» የሚል ድምፅ ከኋላችን ተሰማ። ቀጥሎ አንድ ከባድ ነገር ውሃው ላይ ሲያርፍ ሰማን። ባለቤታቸው ዞረው እንኳ አላዩም።

እኔ ግን አየሁ። ቀኛዝማች በግራ እጃቸው የላሚቱን ጭራ ጨብጠው፣ በቀኝ እጃቸው ምንሽራቸውን ከውሃው በላይ አንሥተው ይጎተታሉ። ጉብታው ላይ የተሰበሰበው ሰው በእልልታ ተቀበላቸው። ከመካከሉ አንድ ቀልደኛ፣ «ቀኛዝማች፣ ዛሬስ እጅ ሰጡ!» አላቸው።

ጢማቸውን ጨምቀው መለሱ። «እጁን የሚሰጥ ሁለቱንም ያነሣል። እኔ ያነሣሁት አንዱን ነው። ያውም ከዳተኛ እያሳደድኩ!»

ቤቱ ሳይመሽ ወደቀ። ውሃው ከጎደለ በኋላ መንደሩ ተባብሮ ሌላ ሠራላቸው። በሚቀጥለው ሰንበቴ ታሪኩ ረዘም ብሎ ጠበቀን፤ ከጣሊያኑ ሹም ቀጥሎ አንዲት ላም ዋኝተው መማረካቸው ተጨምሯል። እኛ ገና የት እንደምናርማቸው አላወቅንም ነበር። ባለቤታቸው ግን ጠላ እየቀዱ፣ ቀና ሳይሉ፣

«ጭራዋን አይርሱ» አሉ።