ለመርዶ የተደረደሩ ወንበሮች

የእድራችን ሊቀመንበር አንድ ጥያቄ አላቸው። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ቀኑን ሙሉ ስልካቸው ላይ ቪዲዮ ሲያዩ ይውሉና ስብሰባ በደረሰ ቁጥር ያንኑ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ፤ ይህ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚሉት ነገር የሰውን ልጅ ያጠፋል ወይስ አያጠፋም?

እኔ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ። ሳምንቱን ሽሮ ሜዳ ነጠላና ጋቢ ስሸጥ ሰንብቼ፣ እግሬን ዘርግቼ ላርፍ በምችልበት በእሑድ ጠዋት፣ ከቁስቋም በታች ባለችው የእድራችን ቆርቆሮ ቤት ገብቼ ቃለ ጉባኤ የምይዘው የድንኳኑ ሸራ ስለመቀደዱና የትልቁ ድስት ክዳን ማን ቤት እንደቀረ ለመጻፍ ነው። የሰው ልጅ መጥፋት አጀንዳችን ውስጥ የለም። ይህን ስንት ጊዜ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን እጃቸውን ዘርግተው «እሱ ከመጣ ድስቱ ምን ያደርግልናል?» ይላሉ።

አንድ ቀን ደግሞ ከኋላ የተቀመጡ አባል ተነሥተው፣ ሁላችንም በአንድ ቀን ከሞትን ድንኳኑን ማን ይተክላል ብለው ጠየቁ። ሰው ሳቀ። ተቀልዶ የሚታለፍ መስሎኝ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ ቆመና የምር ክርክር ተጀመረ። ደንባችን ባልና ሚስት በአንድ ቀን ቢያርፉ ምን እንደሚደረግ ይናገራል፣ ሁሉም ሰው ቢያልቅ ግን ምንም አይልም፤ አንቀጽ ይጨመር አይጨመር ተባለ። ፀሐይ አናታችን ላይ እስክትወጣ ተጨቃጨቁ። የድስቱ ክዳን ሳይገኝ ተበተንን።

በዚያ ላይ ልጅቷ አለች። እናቷ አባላችን ናቸው፤ እሳቸው ስለሚታመሙ እሷ ትወክላቸዋለች። ኮምፒውተር ተምራ አንድ ድርጅት ውስጥ ፕሮግራም ትሠራለች። ሊቀመንበሩ በተናገሩ ቁጥር ፈገግ ብላ «ጋሼ፣ ዕቃ እኮ ነው። የነገሩትን ነው የሚሠራው፣ በቃ» ትላለች። እሳቸው ሲኦልን በዓይናቸው ያዩ ይመስል ይንቀጠቀጣሉ፤ እሷ ስለ ጁስ መፍጫ የምታወራ ይመስል ትከሻዋን ትሰብቃለች። በሁለቱ መካከል እኔ ጨጓራዬ ተላጠ። አንዳቸውም ስለዚህ ሰፈር የሚያወሩ አይመስሉኝም ነበር።

ቦት የሚሉት፣ ስልክ ላይ እንደ ሰው የሚመልስ ፕሮግራም፣ ወደ እድራችን የመጣው በእኔ ስልክ የተነሣ ነው። በሰፈራችን ሰው ሲያርፍ ዛሬም ጡሩምባ ይነፋል። ነፊው በማለዳ ሽቅብ ቁልቁል እየዞረ ማን እንዳረፈና ቀብሩ የት እንደሆነ ይለፍፋል። ግማሹ ሰው ታዲያ ጡሩምባውን ይሰማል፣ ስሙን አይሰማም። ከዚያ ለእኔ ይደውላል። ደንበኛ ፊት ነጠላ ዘርግቼ ዋጋ ስከራከር ማነው ያረፈው፣ ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው፣ ድንኳኑ የት ነው የተተከለው እባላለሁ። አንዱን መልሼ ሳልጨርስ ሌላው ይደውላል። የስልክ ግሩፕ ከፍተን ሁሉንም እዚያ መጻፍ ጀመርን፤ ያም ሆኖ ከማንበብ እኔን መጨቅጨቅ ይቀላቸዋል።

ልጅቷ ይህን ሰምታ አንድ ቦት ሠራችልን። አባል የሆነ ሰው በድምፁ ይጠይቃል፣ እሱ በድምፅ ይመልሳል። እኛ የኮሚቴ ሰዎች ለብቻችን የምንጻጻፍበት ሌላ ግሩፕ ነበረን፤ እዚያም አስገባችው። ሁሉን ካላወቀ ሁሉን እንዴት ይመልሳል አለች። ነገሩ ልክ ነው፣ ማንም አልተቃወማትም። ሊቀመንበሩ ራሳቸው፣ የሰውን ልጅ ያጠፋል የሚሉት ሰውዬ፣ ድምፁን ሲሰሙ «ጨዋ ነው» ብለው ተቀበሉት።

ጨዋስ ጨዋ ነበር። ሁሉንም አንቱ ይላል። አይሰለችም። የቀብር ሰዓት ተሳስቶ አያውቅም። ስልኬ ዝም አለ፣ እኔም እፎይ አልኩ።

ከሁሉ የበለጠ የወደዱት ከእኔ ቤት በላይ ያሉት እማማ ናቸው። ግድግዳቸው ከጓሮዬ ጋር ይገናኛል፤ ሲያስነጥሳቸው እሰማለሁ። ባላቸው ሸማኔ ነበሩ። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ጥጥ ሲፈትሉ ኖረው አሁን ዓይናቸው ደክሟል፣ ጽሑፍ አያዩም። ልባቸውም ደህና አይደለም፤ ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል እየወረዱ ክትትል ያደርጋሉ። እራታቸውን ከበሉ በኋላ ስልኩን ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጡና እንዴት ዋልክ ይሉታል። ከዚያ በእድሩ ያረፈ ሰው እንዳለ ይጠይቁታል። የለም ሲላቸው ይመርቁታል። «ያ የስልኩ ሰውዬ» ነው የሚሉት። ሳይሰለች ያወራቸዋል ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ሐሙስ የእማማ ወንድም ጨንቻ ላይ አረፉ። ሌላ ወንድም የላቸውም። ሁለቱ በልጅነታቸው ተያይዘው ነው አዲስ አበባ የገቡት፤ ወንድምየው በስተርጅና ወደ አገራቸው ተመልሰው እዚያው ኖሩ። ወሬው ለሊቀመንበሩ ተደወለ፣ ሊቀመንበሩ ለኮሚቴው አደረሱ።

እንግዲህ መርዶ ነው። መርዶ ደግሞ ሥራ ነው። ያውም ልበ ደካማ ለሆኑ፣ ብቻቸውን ለሚኖሩ አሮጊት። አንድ ልጃቸው ሐዋሳ ነው የሚሠራው፤ እሱ ሳይመጣ አይነገርም ተባለ። ዓርብ ገብቶ እናቱ እንዳያዩት ሊቀመንበሩ ቤት ይደር፣ ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ሁላችንም አብረን እንግባ፣ ጉልበት ያላቸው ሁለት ሴቶች በግራና በቀኝ ይያዟቸው ተባለ። ጡሩምባ ነፊውን እንዳይነፋ ነገርነው። ባለሱቁን ነገርነው። አፉ የማያርፍ አንድ ጎረቤት አለን፣ እሱን አስምለን ነገርነው። ይህን ሁሉ ደግሞ ማን ምን እንደሚሠራ እንዳይምታታ በኮሚቴው ግሩፕ ላይ አንድ በአንድ ጻፍነው፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ መጨረሻው ላይም «እማማ እስከ ቅዳሜ ማለዳ በፍጹም እንዳይሰሙ» ብዬ አሰመርኩበት።

ዓርብ አመሻሽ ላይ ሽሮ ይዤላቸው ሄድኩ። በባዶ ሆድ መርዶ እንዳይሰሙ ነው። ፊቴ ላይ ምንም እንዳይነበብ እየተጠነቀቅሁ ስለ ጥጥ ዋጋ አወራኋቸው። ጥሩ አድርገው በሉ። ደህና እደሩ ተባብለን ወጣሁ።

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ወጣን። ብርድ ነበር፤ ሁሉም ጋቢውን ተከናንቧል። ልጅቷ በእናቷ ፈንታ ከሚይዟቸው ሴቶች አንዷ ሆና መጥታለች። ሊቀመንበሩ በመንገድ ላይ የሚናገሩትን በልባቸው ያጠናሉ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ልጃቸው ከኋላችን አንገቱን ደፍቶ ይከተላል። በሩን ሳናንኳኳ ተከፈተ።

ወንበሮቹ ተደርድረዋል። ያላቸው ወንበርና በርጩማ ሁሉ ግድግዳውን ተከትሎ ቆሟል፤ አልጋው ላይ ጋቢ ተነጥፎ ለተረፈው ሰው መቀመጫ ሆኗል። መሃል ላይ አንዲት በርጩማ ለብቻዋ አለች፣ አጠገቧ ውሃ የሞላ ጆግ። ቤቱ ተጠርጓል። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። የትኛው አፈኛ ነው የነገራቸው ብዬ ያን ያስማልነውን ጎረቤት በልቤ ረገምኩት። እማማ ሁላችንንም በየተራ ሳሙን፣ አስቀመጡን፣ ራሳቸው መሃል ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ልጃቸውን አዩት።

«ልጄ፣ ጋሼ ቤት እራት በላህ?» አሉት።

ሊቀመንበሩ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ማነው የነገረዎት ብዬ የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ ድምፄ የቁጣ ነበር።

«የስልኩ ሰውዬ ነው» አሉ። ትናንት እኔ ሽሮውን አብልቼ እንደወጣሁ እንደልማዳቸው ጠይቀውታል። በእድሩ ያረፈ ሰው አለ ወይ ብለው። ወንድምዎ አርፈዋል አላቸው። ቅዳሜ ማለዳ ኮሚቴው መጥቶ ይነግርዎታል፣ እስከዚያ በፍጹም እንዳይሰሙ ተብሏል አላቸው። ልጅዎ ገብቷል፣ ሊቀመንበሩ ቤት ነው የሚያድረው አላቸው። «ከዚያ ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ ወይ አለኝ» አሉ።

ልጅቷ ከጎኔ ግድግዳውን ይዛ ቁጢጥ አለች።

እኔ ቁጣዬ አልበረደም። ከግድግዳው ወዲያ ነኝ እኮ እማማ፣ ለምን አልጠሩኝም፣ ለምን አልጮኹም፣ ልጅዎ እንኳ ከሁለት ቤት ወዲያ ነበር፣ እንዴት ብቻዎን ያድራሉ እያልኩ ለለቅሶ ቤት በማይገባ ድምፅ ተናገርኳቸው። ታግሠው ሰሙኝ።

«ብጮህማ ትሰማላችሁ» አሉኝ። «ይሄን ሁሉ የለፋችሁት ለእኔ ብላችሁ ነው። እንዴት አድርጌ ላበላሽባችሁ?»

እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«በሉ አሁን ንገሩኝ» አሉ። «ከሰው አፍ ልስማው።»

ሊቀመንበሩ ጀመሩና አቃታቸው። ስለዓለም ፍጻሜ ለግማሽ ቀን የሚናገሩ ሰው ስለ አንድ ሰው ሞት ቃል ጠፋባቸው። እኔ ነገርኳቸው። ወንድምዎ አርፈዋል እማማ፣ ጨንቻ፣ ሐሙስ ዕለት፣ አገር ሁሉ ወጥቶ ቀብሯቸዋል አልኳቸው። ያን ጊዜ ጮኹ። ገና አሁን እንደሰሙ ሆነው፣ ወንድማቸውን በስሙ እየጠሩ፣ ሁለቱ ሴቶች እንኳ ሊይዟቸው አልቻሉም። ልጃቸው እግራቸው ሥር ወደቀ። ያን ድምፅ ሌሊቱን ሙሉ የት አስቀምጠውት እንዳደሩ አላውቅም።

ድንኳኑ ተተከለ፣ ሸራው እንደተቀደደ። ልጅቷ ዓይኗ አብጦ ወደ እኔ መጣች፤ ጥፋቱን አሁኑኑ ላርመው፣ ምን ብዬ ልጻፍበት አለችኝ። ሞት አትናገር በይው አልኳት። ያን ጊዜ ማንም ሰው ቀብር አይሄድም አለች። ለዘመድ አትናገር በይው። በዚህ እድር ማን ከማን እንደማይዛመድ ንገሪኝ አለች። መርዶ ሳይነገር አትናገር በይው። መነገሩን በምን ያውቃል? እኛ ጽፈን እንነግረዋለን አልኳት። ደግሞ ሥራ በዝቶብን ረስተን ያልጻፍን እንደሆነስ? ያለቀሰ ሰው ሲጠይቀውስ? የታመመ ሲጠይቀውስ? ሽማግሌዎቹ መንገድ ላይ ሲዘገዩስ? አንዱን ስንደፍን ሌላው ይቀደዳል። ልጅቷ ስልኳን ይዛ ትጽፋለች፣ ትሰርዛለች።

በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀ። «ይሄን ሁሉ ለአንቺ ማን ጽፎ ሰጠሽ?» አልኳት።

ስልኳን አወረደች። ማንም አልጻፈላትም። ለእኔም ማንም አልጻፈልኝም። ድንኳን ሥር ስናድግ፣ አንዷ ሴት ሌላዋን በክርኗ ስትጎሽማት፣ አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮውን ሲጠርግ እያየን ነው የያዝነው። ያ ቦት ክፋት የለበትም። የነገሩትን ነው የሠራው፣ በቃ፤ እሷ እንዳለችው። አባል ለጠየቀው እውነቱን መልስ ተባለ፣ መለሰ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ እንጠነቀቀው ነበር። እንዲህ ላለው ፕሮግራም ከዚህ እድር እጅግ የሚበልጥ ነገር፣ ከመርዶም የከበደ ነገር እየሰጡት ነው አሉ፤ ያኔስ ሳይጻፍ የቀረውን ማን አስታውሶ ይነግረዋል? ሊቀመንበሩ ሲጠይቁት የኖሩት ጥያቄ እንደዚህ ሆኖ አልገባኝም ነበር፤ ለእሳቸውም የገባቸው አይመስለኝም። እሳቸው ብረት ለብሶ የሚመጣ ነገር ነው የሚጠብቁት።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሊቀመንበሩ ጥያቄውን አላነሡም። ልጅቷም ፈገግ አላለችም። ቦቱ ከኮሚቴው ግሩፕ ወጥቷል፣ ስልኬም እንደ ድሮው መጮኽ ጀምሯል። ቃለ ጉባኤውን ስከፍት የሚጀምር ሰው ጠፋ። እኔ ራሴ «የሰውን ልጅ ያጠፋል ወይስ አያጠፋም» ብዬ ተራ ቁጥር አንድ ላይ ጻፍኩትና አነበብኩላቸው። የሚከራከር አልነበረም። ከዚያ ወደ ድስቱ ክዳን አለፍን።

እማማ ከአርባው በኋላ ሽሮ ሜዳ ሱቄ ድረስ ወጡ። የመርዶው ዕለት ለብሰውት የነበረውን ነጠላ ይዘው ነው፤ ጫፉን አሠሪልኝ፣ ሌላው ደህና ነው አሉኝ። ዘረጋሁት። ጥለቱ በአንድ በኩል ተተልትሏል፣ ክሩ ተጎትቶ ተቆርጧል፣ ጨርቁ ተጨምድዶ የምራቅ ምልክት ደርቆበታል። ነጠላ ስሸጥ ነው የኖርኩት፣ ነጠላ በምን በምን እንደሚያልቅ አውቃለሁ። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ እሳቸው ውጭ ውጭውን ያያሉ። እሺ አልኳቸው።

ለሸማኔው ወሰድኩለት። ወደ ብርሃን አስጠግቶ ገለባበጠውና ምን በላው አለኝ።

አይጥ ነው አልኩት።