ለይታይሽ ያላደረስኩት መልእክት

ባለፈው ሳምንት አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እዚህ እንጅባራ ቤቴ ድረስ መጣች። የመመረቂያ ጽሑፏ ስለ ድሮዋ የሙዚቃ መጽሔታችን ነው። «የቆመችው በአሳታሚው ሕመም ምክንያት ነው ይላሉ፤ ልክ ነው?» አለችኝ። «ልክ ነው» አልኳት። ደብተሯ ላይ ጻፈችው፤ እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ።

መጽሔቷን የሚያወጧት ጋሽ ይስማው ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የሙዚቃ መምህር። የአዊን የሰርግ፣ የለቅሶና የእርሻ ዘፈን ከነዜማው እየለቀሙ ያትሙ ነበር። አንባቢዋ ጥቂት ቢሆንም አንዴ ያነበባት አይተዋትም። ሠራተኞቿ እኔና ይታይሽ ነበርን። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ አማርኛህ ያምራል ይሉኝ ነበር፣ እኔም ከልቤ አምን ነበር። ይታይሽ የአዘና ገበሬ ልጅ፣ ዳንግላ የምታስተምር፣ አፏን በአገውኛ የፈታች።

ገጠር ስንወጣ እኔ ደብተሬን ታቅፌ ጥግ እቀመጣለሁ። እሷ ከአሮጊቶቹ ጋር ትስቃለች፣ ትዘፍናለች፣ ታለቅሳለች። «ምን አሉ?» ስላት «ቆይ፣ ዘፈኑ ይለቅ» ትለኛለች። የተቀቀለ ድንች ሲቀርብ ትልልቁን ለእሷ ይመርጡላታል። ምን ልበላችሁ፣ በድንች ቀናሁ። ጋሽ ይስማው ደግሞ የእኔን ጽሑፍ በቀይ እየሰረዙ የእሷን እንዳለ ያወጡታል። ሰው «ምቀኛ አታሳጣኝ» ይላል፤ ይታይሽ አላጣችም።

አንድ ሐምሌ ጋሽ ይስማው አንድ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው። ለሕክምና ወደ ባሕር ዳር ከመሄዳቸው በፊት አስጠሩኝ። መጽሔቷን ሊሰጡኝ ነው ብዬ ጓጉቼ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ነገ ዳንግላ ትሄዳለህ አይደል?» አሉኝ፣ ምላሳቸው እየተሳሰረ።

«አዎ ጋሼ።»

«ለይታይሽ ንገራት። መጽሔቷን እሷ ትያዝልኝ። እሑድ ሳልሄድ ትምጣና ላስረክባት።» ትንሽ አረፉና «አንተ ታግዛታለህ» አሉ።

ይቺ «ታግዛታለህ» የምትል ቃል አንጀቴን አሳረረችው።

ያኔ ስልክ በየኪሱ አልነበረም። በማግስቱ በሚኒባስ ስሄድ አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ ከሰል የጫነ መኪና ጭቃ ውስጥ ተሰንቅሮ መንገዱን ዘጋብን። በዝናብ ቆመን ስንጠብቅ እንዴት እንደምነግራት እለማመድ ነበር። እውነቴን ነው፣ ልነግራት ነበር። ቤቷ ስደርስ ሽሮ አቀረበችልኝና ከአዘና ያመጣችውን አዲስ ዘፈን አዜመችልኝ። ያምር ነበር። እንዲያ ባያምር ኖሮ የምነግራት ይመስለኛል።

«ጋሼ እንዴት ናቸው?» አለችኝ።

«ደህና ናቸው፤ ትንሽ ብርድ ነው።»

ተመልሼ ለጋሽ ይስማው «ማስተማሩ ይበቃኛል አለች» አልኳቸው። አንተ ያዛት ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ አላሉኝም። ለእኔ ከሚሰጧት ብትዘጋ መረጡ። ባሕር ዳር ሲገቡ አንደበታቸው ጭራሽ ተዘጋ። ይታይሽ ልትጠይቃቸው ብትሄድ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩባት አሉ። ዓመት ሳይሞላ አረፉ።

ተማሪዋ ሻይዋን ጨርሳ ልትነሳ ስትል «ዳንግላ እትዬ ይታይሽንም አነጋግሬያቸዋለሁ» አለችኝ።

«ምን አሉሽ?»

«እሳቸውም ሕመሙ ነው አሉ። ግን ‹ቢሰጡኝ አልጥላትም ነበር፤ የገበሬ ልጅ ብለው አላመኑኝም› ብለው ዕንባቸው መጣ። ከዚያ ወዲህ ዘፈን ለቅመው አያውቁም።»

ቅናት ከባለቤቱ ጋር የሚያረጅ ይመስለኝ ነበር። ጋሽ ይስማው ናቀችኝ ብለው ሞቱ፤ ይታይሽ ናቁኝ ብላ አረጀች፤ መሃላቸው የቆምኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ መጀመሪያ የመጣብኝ ጸጸት ቢሆን ምንኛ ደስ ባለኝ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ከእኔ በፊት እሷ ዘንድ ነው የሄድሽው?» አልኳት።