ወረቀት የማይቆርጠው ማጨጃ

የመሥሪያ ቤታችን ሣር፣ ሣር ተብሎ ለመጠራት እንኳ የሚያሳፍር ነበር። ሁለት ላንድሮቨር ጎን ለጎን ቢቆምባት የምትሞላ፣ ዙሪያዋን ኖራ የተቀባ ድንጋይ የተደረደረባት ቁራሽ መሬት ናት። ለእሷ ስብሰባ ተጠራ፣ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ መኪና ተመደበ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔ ጅማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት የቡና መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። በዕድሜዬ ብዙ ሞኝ አይቻለሁ፤ እንደዚያ መሥሪያ ቤት አለቆች በሞኝነቱ የሚተማመን ግን አላጋጠመኝም።

ሣሩን ያጭዱ የነበሩት ዘበኛችን ናቸው፤ ከጅሬን ኮረብታ ግርጌ የሚመጡ ሽማግሌ ሙስሊም። ሱብሂ ሰግደው ማጭዳቸውን ያነሣሉ። እኛ ሥራ ስንገባ ያጨዱትን በገመድ አስረው ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ አስቀምጠውታል፤ ተረኛው ሲቀበላቸው ተሸክመውት ወደ ላማቸው ይሄዳሉ። ቦታዋ ትንሽ ብትሆንም የጅማ ዝናብ ለጋስ ነው። አንዱን ዳር አጭደው ሌላው ዳር እስኪደርሱ የመጀመሪያው አድጎ ይጠብቃቸዋል።

ያቺ ላም ደግሞ የእኔም ጉዳይ ነበረች። ልጄን በወለድኩ ሰሞን ጡቴ ደረቀብኝ። ባሌ ሰሜን ዘምቷል። የዱቄት ወተት ከከተማው ጠፍቷል፤ ብቅ ሲልም ዘመድ ላለው ነው። ዘበኛው በየጠዋቱ በጣሳ ወተት ያመጡልኝ ነበር። «ኢንተላ ኮ፣ ለትንሿ» ይሉኛል፤ «ልጄ» ማለታቸው ነው። ልጄ የምትኖረው በዚያች ላም ነው፤ ላሟ የምትኖረው በዚያ ሣር ነው።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ከአዲስ አበባ ተሹሞ የመጣው ያኔ ነው። ለአጭር ኮርስ ቡልጋሪያ ደርሶ ተመልሷል። ቡልጋሪያን ያላየ ሰው ሁሉ ለእሱ ዕውር ነው። በመጣ ሰሞን አንድ ጠዋት ከመኪናው ሲወርድ ሽማግሌውን ሣሩ ላይ ጎንበስ ብለው አገኛቸው።

«በዚህ ዘመን በማጭድ? ይኼ የፊውዳል አሠራር ነው!» ብሎ ጮኸ።

ከራሱ በላይ፣ በሩ ላይ፣ መዶሻና ማጭድ በቀይ ቀለም ተሥሎ ነበር። ቀና ብሎ አላየም፤ እኛም አላሳየነውም።

ለአብዮት በዓል ከላይ እንግዳ ስለሚመጣ፣ እስከዚያ ሣሩ በማሽን ይታጨድ ተባለ። ዘበኛው ቆባቸውን እያስተካከሉ ጠጋ አሉና «ጓድ፣ የታጨደውን እወስደዋለሁ አይደል?» ብለው ጠየቁ።

«ሣሩ የመንግሥት ንብረት ነው። ማሽኑ ከታትፎ እዚያው ይተወዋል፣ ማዳበሪያ ይሆናል። በሠለጠነው ዓለም እንዲህ ነው የሚደረገው።»

«ኢንሻአላህ» አሉና ወደ በራቸው ተመለሱ። ሌላ ምን ይበሉ? እኔ ግን ደሜ ፈላ። ቡልጋሪያ ሄዶ የተማረው የልጄን ወተት መሬት ላይ ማፍሰስ ነበር።

ባለሞተር ይገዛ የሚለው ሐሳብ ገና ሲነሣ ወደቀ፤ ቤንዚን በኩፖን ነው። በእጅ የሚገፋ ማጨጃ አጋሮ ካለ መጋዘን እንዳለ ተሰማ፤ ከአንድ የቀድሞ የቡና እርሻ ባለቤት የተወረሰ ነው። መራጭ ኮሚቴው ሥራ አስኪያጁ፣ የመሥሪያ ቤቱ ካድሬና እኔ ሆንን። እኔ የሴቶች ማኅበር ተወካይ ስለሆንኩ ቁጥር ላሟላ ገባሁ። ካድሬው እስከ አጋሮ ድረስ ስለ ግብርና ሜካናይዜሽን ሲያስረዳ ሄደ። በሕይወቱ አንድ ችግኝ ተክሎ የሚያውቅ አይመስለኝም።

መጋዘኑ ውስጥ ሁለት ማጨጃ ቆሟል፤ አንዱ ጠባብ፣ ሌላው ሰፊና ቀይ። አሠራራቸው አንድ ነው። ሲገፉት በሁለቱ ጎማዎች መሃል ያሉት ጠማማ ስለቶች ይሽከረከሩና ሣሩን ከሥር ከተገጠመው ቢላ ጋር እንደ መቀስ ይቆርጡታል። ይህን ለመረዳት ቡልጋሪያ መሄድ አያስፈልግም። ሁለቱ ሰዎች ግን ጎማ በእግራቸው መታ መታ አደረጉ፣ እጀታ ነቀነቁ። ካድሬው ትልቁን ከፍ አድርጎ ሊያነሣ ሞክሮ አቃተውና «ጠንካራ ነው» አለ። ከዚያ ራባቸው፤ ሥጋ ቤት እናማርጥ ብለው ወጡ። የመጋዘኑ ሰውዬም ሥጋ የሚለውን ሲሰማ ቁልፉን ለእኔ ትቶ ተከተላቸው።

ብቻዬን ቀረሁ። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ መቀስ ስትገዛ ሱቁ ውስጥ ብጫቂ ወረቀት ካልቆረጠችበት አትከፍልም። ከቦርሳዬ የካርቦን ወረቀት አወጣሁና በትንሿ ማጨጃ ስለትና ቢላ መሃል አስገብቼ በእጄ አሽከረከርኳት። ቅጭ! ወረቀቱ በምላጭ እንደተባለ ለሁለት ተከፈለ። ሰፊውን ሞከርኩት። ወረቀቱን አጠፈው እንጂ አልቆረጠውም። ስለቱ ከቢላው ርቋል፤ የሚያቀራርቡት ብሎኖች ደግሞ ዝገው ብረቱ ላይ ተጣብቀዋል። እነሱ ሥጋቸውን ሲበሉ እኔ ምርጫዬን ጨረስኩ።

ስንጥራቸውን በጥርሳቸው ይዘው ተመለሱ። ሥራ አስኪያጁ ሁለቱን ማሽኖች ደጋግሞ አየና «ትንሿ ትሻላለች መሰለኝ፤ ቦታውም እኮ ትንሽ ነው» አለ።

ሰውዬው በዕድሜው አንድ ቀን ትክክል ተናገረ፤ ያውም በማይሆን ሰዓት። እንደ ምንም ፈገግ ብዬ፣

«ጓድ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ትንሿ ለቀበሌ ብትሆን ነው የሚያምርባት። እንግዳው መጥቶ እርስዎን በዚህች መጫወቻ ቢያይዎትስ?» አልኩት።

«እውነቷን ነው!» አለ ካድሬው። «የመሥሪያ ቤቱን ደረጃ ማሰብ አለብን።»

ሥራ አስኪያጁ ደረቱን ነፋ። ትልቁን ጫንነው።

ጅማ ስንደርስ ኮቱን አውልቆ እሱ ራሱ ገፋው። ሣሩ ረጅም ነው፣ ዝናብ ጠጥቷል። ማሽኑ እየጮኸ አለፈበት፤ ሣሩም እጅ የሚነሣ ይመስል ጎንበስ ብሎ ተኛ። ዘበኛው እጃቸውን ከኋላ አጣምረው ሲያዩ ቆዩና «ሂንሙሩ» አሉኝ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብለው። አይቆርጥም ማለታቸው ነው። እኔም ቀስ ብዬ «አውቃለሁ» አልኳቸው። በማግስቱ ሣሩ ሁሉ ቀና ብሎ ቆሞ ተገኘ። ማሽኑን ዘይት ቀቡት፣ አልሆነም። ካድሬው ችግሩ ከሣሩ ነው አለ። አልቀለድኩም፤ እንደዚያ ብሎ ነው የተናገረው።

እንግዳው በሚመጣበት ዕለት ዘበኛው ገና ሳይነጋ በማጭድ እንዲያጭዱና ማጭዱን እንዲደብቁ ታዘዙ። ሣሩን ምንጣፍ አስመሰሉት፤ ማጭዱን የጥበቃ ቤቱ ጣሪያ ውስጥ ሸጎጡት፤ ሸክማቸውን ቤት አድርሰው ተመለሱና በሩ ላይ ቆሙ። ቀዩ ማሽን ተወልውሎ መሃል ላይ ቆመ። እንግዳው ከመኪና ወርዶ አየውና ሲሠራ ልየው አለ። ሥራ አስኪያጁ በታጨደው ሣር ላይ ወዲያና ወዲህ እየገፋ አስጮኸው። ምንም አልቆረጠም፤ የሚቆረጥ ነገርም አልነበረም። ሁሉም አጨበጨበ። ከሁሉም አብልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ፤ ወተቱ ተርፏላ!

እንግዳው ግን መጠየቅ የሚወድ ሰው ነበር። «ይህ ማሽን የስንት ሰው ጉልበት ያድናል?»

«የአንድ ሰው ሙሉ ጉልበት፣ ጓድ!»

«ታዲያ ያ ሰው አሁን ምን ይሠራል?»

ሥራ አስኪያጁ ዙሪያውን አየ። ዓይኑ በሩ ላይ የቆሙት ሽማግሌ ላይ አረፈ። «ለቡና ለቀማ ዘመቻ መድበነዋል» አለ።

ውሸቱን ለማዳን ሰው ሸጠ። እንዲህ ያለውን ሰው እስከ ዛሬ እንቀዋለሁ። ለቀማው ሲደርስ ዘበኛውን በጭነት መኪና ወደ ሊሙ፣ ወደ መንግሥት እርሻ ወሰዷቸው። በቦታቸው ከቀበሌ ጠመንጃ ያነገተ ጎረምሳ መጣ፤ እሱ ደግሞ ሣርና ጎመን የሚለይ አልነበረም። ወተቱ መጀመሪያ ቀነሰ፣ ከዚያ ቀረ። ቤታቸው ሄድኩ። ሚስታቸው ወገባቸውን የታመሙ ናቸው፤ ላሟ የጎድን አጥንቷ ወጥቷል።

«ሉካንዳ ቤት ልናገር ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «በረሃብ ስትወድቅ ከማይ ይሻላል።»

ጀርባዬ ላይ ልጄ የስኳር ውሃ ጠጥታ ታለቅሳለች። መሥሪያ ቤት ደግሞ ሣሩ ጉልበት ደርሷል፤ ሁለቱ ጀግኖች ከሥራ ሲወጡ እየረገጡት ያልፋሉ።

በማግስቱ ልጄን እንዳዘልኩ ገባሁ። ከጥበቃ ቤቱ ጣሪያ ማጭዱን አወጣሁ፣ ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ ወገቤ ላይ ሻጥ አደረግሁና ማጨድ ጀመርኩ። ሠራተኛው ሁሉ የሚገባበት ሰዓት ነው። በደረጃው ላይ ቆመው ያዩኛል። የሥራ አስኪያጁ መስኮት ተከፈተ።

«አንቺ! ምን እያደረግሽ ነው? ማሽን እያለ!»

ቀና አልኩ። «እውነትዎን ነው ጓድ። ማሽኑን ይዘው ይውረዱና ከዚያኛው ዳር ይጀምሩልኝ። መሃል ላይ እንገናኝ።»

አንድ ሰው ከኋላዬ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሥራ አስኪያጁ የመኪና መጠለያው ሥር የቆመውን ቀይ ማሽን አየ፣ ሰዉን አየ፣ መስኮቱን ዘጋ። እኔም ጨረስኩና አሰርኩ፤ ሸክሜን በራሴ፣ ልጄን በጀርባዬ አድርጌ በጅማ መርካቶ መሃል ወደ ጅሬን ሄድኩ። ዘበኛው ከለቀማ እስኪመለሱ ድረስ እንደዚያው አደረግሁ፤ ሲመጡ ላማቸውን በሕይወት ቆማ አገኟት።

በዚያው በመጀመሪያው ቀን ከጅሬን ስመለስ ጠረጴዛዬ ላይ የሚተየብ ደብዳቤ ተቀምጦ ነበር። ማሽኑ የታቀደለትን ሥራ በሚገባ እያከናወነ መሆኑን ለበላይ አካል የሚገልጽ ነው። እጄ ላይ ያለው የሣር ቀለም ገና አልለቀቀም። ተየብኩትና ከጽሕፈት መኪናው መዝዤ ሳወጣው የአውራ ጣቴ አሻራ ከጽሑፉ ግርጌ አረንጓዴ ሆኖ ታተመ። እንደገና ልተይበው አልፈለግሁም፤ እንዳለ ወስጄ ፊቱ አስቀመጥኩለት። አሻራውን አየው፣ እኔንም አየኝ፤ ከዚያ ከጎኑ ፈረመ።