ካፒቴኑን ማን ይመልሰው?

በቻተም ወደብ ከእኛ ከልብስ አጣቢዎቹ መካከል አቀላጥፋ የምታነብ ኬዛያ ፕሉመር ብቻ ነበረች። የደራሲው የሚስተር ኦርድዌይ ልብ ወለድ በየወሩ በክፍል በክፍል ይታተም ስለነበር፣ አዲሱ ክፍል በደረሰ ቁጥር ሣጥን ላይ ቁጭ ብላ ታነብልናለች፤ የእሷን ድርሻ እኛ እናጥብላታለን። ታሪኩ ባሕር ላይ ስለጠፋ ካፒቴንና ሌላ ባል አግቢ እያሉ ስለሚጨቀጭቋት ሚስቱ ነው።

በጋ ላይ ደራሲው መጽሐፉን ሳይጨርስ በድንገት ሞተ።

«ምን ዓይነት ሰው ነው? ካፒቴኑን ባሕር ላይ ጥሎት ይሞታል?» አለች አንዷ። ሳቅን። ከመካከላችን ዶርካስ ብቻ አልሳቀችም። የእሷም ባል መርከበኛ ነበር፤ ከሄደ ዓመታት አልፈዋል። ሞቷል ያላት ሰው ስለሌለ ጥቁር አልለበሰችም።

ኬዛያ ነገሩ አላስችል አላት። እሑድ ደራሲው ይኖርበት ወደነበረው መንደር በእግሯ ሄዳ የቤቱን የጓሮ በር አንኳኳች። ወጥ ሠሪዋ እመት ታፕሰል ከፈቱላት።

«እመት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ካፒቴኑ በሕይወት አለ?»

«ውይ፣ አንቺም? ትናንት ቄሱ ለዚሁ መጥተው ነበር! ግቢ፣ ሻይ ጠጪ።»

እመት ታፕሰልም ጌታቸውን ደራሲውን በሕይወት ሳሉ ጠይቀዋቸው ኖሯል። «ቁርስ ሳቀርብላቸው 'ሰውዬው ይመለሳል?' ብላቸው፣ 'እኔም እንዳንቺ እየጠበቅሁት ነው' አሉኝ።»

ኬዛያ መንገዱን ሁሉ ለዶርካስ «አለ» ልበላት ይሆን ስትል መጣች። ማን ያውቅባታል? ሰኞ ግን ዶርካስ ዓይን ዓይኗን ስታያት ውሸቱ አልወጣ አላት።

«ራሱ ደራሲውም አያውቅም ነበር» አለቻት።

ዶርካስ አንሶላውን ጨምቃ ጨረሰች። ከዚያ «እንግዲያው እኔ ልንገራችሁ» አለች። ካፒቴኑን ታመጣዋለች ብለን ስንጠብቅ ማዕበል አስነሣች፣ መርከቡን ሰበረች፣ ሰውዬውን አሰጠመችው።

«ሚስትየውስ?» አለች ኬዛያ ቀስ ብላ።

«አለቀሰች። ምን ታድርግ? ከዚያ ተነሥታ ራቷን በላች።»

በሳምንቱ ዶርካስ ጥቁር ለብሳ መጣች። ኬዛያ ገንዳዋን ጎትታ አጠገቧ ማጠብ ጀመረች።

ቆይቶ አንድ ሌላ ጸሐፊ የመጽሐፉን መጨረሻ ጽፎ አሳተመ። ኬዛያ እንደ ድሮው ሣጥኑ ላይ ወጥታ አነበበችልን፤ ካፒቴኑ ወርቅ ተሸክሞ ተመለሰ፣ ትልቅ ድግስም ተደገሰ።

ዶርካስ በሳቅ ፈነዳች። «ያን ሁሉ ዘመን ጠፍቶ ደግሞ ድግስ! የት ከርመህ መጣህ የሚለው ሰው የለም እንዴ?»