የቺዙሩ የማህተም ደብተር

አቶ ቶኪዞ አርባ ዓመት ሙሉ የቶኪዮን ሊፍቶች ሲጠግኑ ኖሩ። ስንቱ ሰው በእሳቸው እጅ ወጣ፣ ስንቱ ወረደ፤ እሳቸው ግን ከከተማው ራቅ ማለት የጀመሩት ጡረታ ከወጡ ወዲህ ነው። ያስለመደቻቸውም ሚስታቸው ቺዙሩ ናት። በወር አንድ ረቡዕ በፔርሙስ ሻይ ቀድታ በማለዳው ባቡር ታሳፍራቸው ነበር። ካዋጎኤ ወይ ኒኮ ወይ ካማኩራ ውለው፣ የጥንቱን ከተማ አይተው ለራት ይመለሳሉ። በየቤተ መቅደሱ ጸሎት ካደረሰች በኋላ ደብተሯን ትሰጣለች፤ መነኩሴው ቀይ ማህተም መትቶ የቦታውን ስምና ቀኑን በብሩሽ ይጽፍላታል። ሳይጸልዩ ማህተም መቀበል ለቺዙሩ ከስርቆት አይተናነስም ነበር።

እንዲህ ያለው ደብተር ከባለቤቱ ጋር ሬሳ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ቺዙሩ ስትሞት የእሷ ግን ሁለት ገጽ ቀርቶት ነበርና አልገባም። «ሞልቼ ይዤልሽ እመጣለሁ» አሏት በጆሮዋ። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነ። አንደኛው ገጽስ ግድ የለም፤ የመጨረሻው ግን የት ይሙላ? አብልጣ የምትወደው የትኛውን ነበር? ልባቸው አንዴ ወደ ኒኮ ተራራ፣ አንዴ ወደ ካማኩራ ባሕር ሲዋልል ከረመ። ሳትነግራቸው ሄዳለች።

ዛሬ ካማኩራ መጥተው አንዱን ገጽ አስመቱ። ማህተም የሚመታበት መስኮት ላይ የተቀመጠውን ሰማያዊ ደብተር አንስተው ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍ አሉ፤ ሻያቸውን ጠጥተው፣ ጥቂት አሸልበው ሲነሱ ገለጡት።

የመጀመሪያው ገጽ ካማኩራ ነበር። አሁን ግን ካዋጎኤ ይላል። መነጽራቸውን ወልውለው እንደገና አዩ። ካዋጎኤ! ከስሙ ሥር ቀኑን አዩ፤ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ጁን 9። ያን ቀን ቺዙሩ ሆስፒታል ተኝታ እግሯን ሲያሹላት አልነበር የዋሉት? ወይስ አልዋሉም? እሳቸው እንቅልፍ ሲጥላቸው እንደ ወፍ ከአልጋዋ ተነስታ፣ ብቻዋን አገር ለአገር ስትዞር ነበር?

ልጃቸው ማዮ ዘንድ ደወሉ።

«እናትሽ ጁን 9 የት ነበረች?»

«ሆስፒታል ነዋ፣ አባዬ! ምን ሆነሃል?»

«ደብተሩ ካዋጎኤ ነበረች ይላል።»

ማዮም ድምጿን አለሳልሳ፣ «አባዬ፣ የት ነው ያለኸው? እዛው ቁጭ በል፣ እመጣለሁ» አለች።

«ምነው፣ ጡት ልታጠቢኝ ነው?» ብለው ዘጉት። ማዮ ሰሞኑን ‹እየረሳህ ነው› ትላቸዋለች። የቀረቻቸው የቺዙሩ ትዝታ ናት፤ እሷም እንደ ጠዋት ጉም እየሳሳች ይሆን?

«አባባ! ባለ ሰማያዊው አባባ!»

አንዲት ወፈር ያለች ሴት እያለከለከች መጣች። በእጇ ሌላ ሰማያዊ ደብተር ይዛለች።

«ሳቶኤ እባላለሁ። ይቅርታ፣ በጣም ይቅርታ» እያለች ጎንበስ ቀና አለች። «ሁለቱም እዚሁ የተገዙ ናቸው፣ አንድ ዓይነት። ፈጥኜ የእርስዎን አንስቼ ሄጃለሁ።»

«ታዲያ ካዋጎኤ የሄድሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ ከአማቴ ጋር። እንኳን ማህተሙን፣ ጭቅጭቋንም አልረሳውም!»

ቶኪዞ ትንፋሻቸው ተመለሰ። ሊስቁ ሲሉ ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች።

«አንድ ጥፋት ግን አጥፍቻለሁ። ሳላውቅ ከኮረብታው ማዶ ባለችው ትንሽ መቅደስ አስመትቼበታለሁ። የመጨረሻዋ ገጽ ነበረች።»

ተቀብለው ገለጡ። ቀለሙ ገና አልደረቀም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስፍራ ሲመርጡላት የከረሙት ገጽ፣ እሳቸውም ቺዙሩም ረግጠውት በማያውቁት ቦታ ስም ሞልታለች። መቆጣት አማራቸው፤ ቁጣው አልመጣም። ማልቀስም አማራቸው፤ የመጣው ሳቅ ነው።

«ምን አለ እዚያ?»

«ኧረ ምንም የለም፣ አባባ። አንድ ድመትና ብዙ ደረጃ።»

«ጸልየሻል?»

«ለእኔ ነው እንጂ ለእርስዎማ አልጸለይኩም።»

ቶኪዞ ብድግ አሉ። ሳይጸለይ የተመታ ማህተም ለቺዙሩ እንዴት ይወሰዳል? ከኮረብታው ማዶ ተሻግረው የትንሿን መቅደስ ደረጃ ቆም እያሉ፣ እየተነፈሱ፣ ይህች ቦታ የቺዙሩ ትሁን የሌላ ሳይገባቸው ወጡት።

ከላይ አንድ ወጣት መነኩሴ ቅጠል ይጠርጋል። ደብተሩን አየና መጥረጊያውን አቆመ።

«ማህተም ልምታልዎት?»

«ተመትቷል፤ የቀረው ጸሎቱ ነው» አሉና ጫማቸውን አወለቁ።