ባለበት ይቆይ

በሁለት ሺዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ላይ፣ ናይሮቢ ፓርክላንድስ ሰፈር ውስጥ ከሥሩ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ባለበት ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ በአንድ የግል የጤና ኮሌጅ የሕክምና ላቦራቶሪ አስተምር ነበር።

ናይሮቢ የመጣሁት በአንድ የእርዳታ ድርጅት የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆኜ ነው። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ባለቤቴም ልጃችንም ከተማዋን ለምደዋት ስለነበር፣ ከመመለስ ሥራ መፈለግን መረጥኩ። ኮሌጁ ደግሞ ያን ጊዜ አዲስ የላቦራቶሪ ዲፕሎማ ሊከፍት ፈልጎ የሚያስተምርለት ሰው አጥቶ ነበር። ወዲያው ተቀበለኝ። ወርክ ፐርሚቴ፣ የሥራ ፈቃዴ ማለት ነው፣ በኮሌጁ ስም ወጣ፤ የባለቤቴና የልጄ የመኖሪያ ፈቃድ ደግሞ በእኔ ፐርሚት ላይ ተንጠለጠለ። ያኔ ነገሩ የወረቀት ጉዳይ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ዳይሬክተሩ ጮክ ብሎ የሚስቅ፣ የሠራተኛውን ሁሉ ልጆች በስም የሚያውቅ ኬንያዊ ነበር። እኔን «ምዋሊሙ» ይለኛል፣ በስዋሂሊ አስተማሪ ማለት ነው። ተማሪ መመዝገብ ሲጀምር፣ ሙያውን የሚቆጣጠረው ቦርድ ለትምህርቱ እውቅና መስጠት አለመስጠቱን ጠየቅኩት።

«ማመልከቻው ገብቷል ምዋሊሙ፤ ትምህርቱ እስኪጀመር ይደርሳል» አለኝ።

አመንኩት። ሥራ ያስፈልገኝ ስለነበር ለማመን ብዙም አልተቸገርኩም።

ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዷ ናይሮቢ ያደገች ኢትዮጵያዊት ነበረች። እናቷ ሁርሊንግሃም ሰፈር ምግብ ቤት አላቸው፤ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እዚያ ነበር ምሳ የምንበላው። ልጃቸውን ከማስመዝገባቸው በፊት አስጠርተው ጠየቁኝ።

«ትምህርት ቤቱ ደህና ነው?»

«ደህና ነው እትዬ።»

«አንተ ካለህበት ምን እፈራለሁ» አሉ፤ በማግስቱ አስመዘገቧት።

ላቦራቶሪያችን አራት ማይክሮስኮፕ ነበረው። አራቱም የድሮ ናቸው፣ መብራት የላቸውም። ከሥራቸው ያለችውን ክብ መስታወት ወደ መስኮት አዙረህ የፀሐይ ብርሃን መሰብሰብ አለብህ። ደመና ከሆነ ትምህርት የለም። ተማሪዎቹ ተራ እየጠበቁ ያዩ ነበር። ልጅቷ ግን ለእነዚያ መስታወቶች ልዩ እጅ ነበራት፤ ዓይኗን ከሌንሱ ሳታነሳ በጣቷ ትንሽ ገፋ ታደርግና የወባዋን ጥገኛ ተሕዋሲ ከሌሎቹ ቀድማ ታገኛለች።

ሁለተኛው ዓመት ሲጋመስ ቦርዱ ለምርመራ እንደሚመጣ አስታወቀ። በምርመራው ቀን ጠዋት ላቦራቶሪውን ስከፍት ደነገጥኩ። ጠረጴዛዎቹ ላይ መብራት ያላቸው አሥራ ስድስት ማይክሮስኮፖች ተደርድረዋል፤ ጥግ ላይ የደም ቆጠራ ማሽን ተቀምጧል። የእኛዎቹ አራቱ የሉም። ዳይሬክተሩ ከኋላዬ መጣ።

«ከአንድ ወዳጄ ሆስፒታል ነው። ለዛሬ ብቻ» አለኝ። «የራሳችን ታዝዘው መንገድ ላይ ናቸው። ሊመጣ ያለውን ነገር ቀድሞ ማሳየት ውሸት ነው እንዴ?»

ውሸት ነው ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን የማይክሮስኮፖቹን ገመድ ማስተካከል ጀመርኩ።

ከቦርዱ ሦስት ሰዎች መጡ። ሁለቱ መዝገብ ሲያገላብጡ፣ ሦስተኛዋ፣ ሽበት የጣላቸው ረጋ ያሉ ሴት፣ በቀጥታ ወደ ተማሪዎቹ ሄዱና ከመካከላቸው ኢትዮጵያዊቷን ልጅ መረጡ። አንድ ስላይድ ሰጧትና የምታየውን እንድትነግራቸው ጠየቋት። ልጅቷ ስላይዱን አስቀመጠች፣ ዓይኗን ሌንሱ ላይ አደረገች፣ ከዚያ እጇን ወደ ማይክሮስኮፑ ሥር ሰደደች። ጣቶቿ ወዲያና ወዲህ ዳበሱ። መብራቱ በርቷል፤ እሷ ግን መስታወቱን ትፈልጋለች።

«ምንድን ነው የምትፈልጊው?» አሏት ሴትዮዋ።

«መስታወቱን» አለች።

«መስታወት ያለው ማይክሮስኮፕ የት ነው ያለው?»

ልጅቷ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ መሬት አየሁ።

«ዛሬ ጠዋት ስቶር ውስጥ ተቆልፎበታል» አለች። «ይሄንን ገና ዛሬ ማየቴ ነው።»

ሴትዮዋ ተቆጡ አልልም። አመሰገኗትና የሆነ ነገር ጻፉ። ከሳምንታት በኋላ ደብዳቤ መጣ፤ ትምህርቱ እውቅና አላገኘም፣ ይዘጋ፣ ተማሪዎቹም ለቦርዱ ፈተና አይመዘገቡም የሚል።

ዳይሬክተሩ ያን ቀን አልሳቀም። ጠበቃ ቀጠረና ኮሌጁ ቦርዱን ከሰሰ። ክሱ ቦርዱ ከሥልጣኑ አልፏል፣ ለኮሌጁም የመሰማት ዕድል አልሰጠም ይላል። ፍርድ ቤቱ የመጨረሻ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ሁሉም ነገር ባለበት ይቆይ ብሎ አገደ። ኮሌጁ ውስጥ በዚያን ዕለት እልልታ ነበር። ተማሪዎቹ ኮሪደሩ ላይ ተቃቀፉ፤ እኔም ትከሻዬ ላይ የተቀመጠው ነገር የወረደልኝ መሰለኝ።

ባለበት ይቆይ ማለት ምን እንደሆነ የገባን ቆይቶ ነው። ኮሌጁ አይዘጋም፣ እውቅናም አያገኝም። ተማሪዎቹ ይማራሉ፣ አይፈተኑም። ሌላ ትምህርት ቤት ልዛወር ብለው ሲሄዱ «ጉዳያችሁ ፍርድ ቤት ነው፣ ሲያልቅ ኑ» ይሏቸዋል። ልምምድ የሚወጡበት ሆስፒታልም ስለ ደብዳቤው ሰምቶ በሩን ዘጋባቸው። ቀጠሮው በመጣ ቁጥር ከተማ መሃል እንወርዳለን፤ ፍርድ ቤቱ አግዳሚ ላይ ተደርድረን እንቀመጣለን። አንዴ ዳኛው ስልጠና ሄደዋል፣ አንዴ ፋይሉ አልተገኘም፣ አንዴ የቦርዱ ጠበቃ ታመዋል። ሌላ ቀጠሮ። ማታቱ፣ የከተማውን ሚኒባስ፣ ይዘን እንመለሳለን። ያስተማርኩትን እንደገና አስተማርኩ፤ ሦስተኛው ዓመት አለቀና ምን እንደማስተምራቸው ጠፋኝ። ያው ስላይድ፣ ያው ቀለም። ተማሪዎቹ ያለ ማይክሮስኮፕ መልስ መናገር ጀምረው ነበር፤ የትኛው ስላይድ ላይ የቱ ጋ ምን እንዳለ በቃላቸው ያውቁታል።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ጥፋቱ የልጅቷ ሆነ። ማንም በአደባባይ አልተናገረም፤ ግን ከእሷ ጋር የሚቀመጥ ጠፋ። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ «ምላሰ ረጅሟ» የሚል በእንግሊዝኛ ተጽፎ አገኘሁ። አጠፋሁት፤ የጻፈውን አልጠየቅኩም። ክፍሉ ሲበተን እሷ ቀረች።

«ቲቸር፣ ፕሊስ እውነቱን ንገሩኝ» አለችኝ። «ልቀጥል ወይስ ልተው? ማሚን ምን እንደምላት አላውቅም። እኔ እኮ የጠየቁኝን ነው የመለስኩት። ዋት ዋዝ አይ ሰፖዝድ ቱ ሴይ? ምን ማለት ነበረብኝ?»

«ታገሺ» አልኳት። «ሊወሰን ነው።»

ራሷን ነቀነቀችና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። መልሴ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ እሷም እኔም አውቀናል።

የፐርሚቴ ማሳደሻ ጊዜ ሲደርስ እንደ ወትሮው ፓስፖርቴን ለኮሌጁ አስረከብኩ። ከሳምንት በኋላ ዳይሬክተሩ ቢሮው ጠራኝና ሦስት ገጽ ወረቀት ሰጠኝ። በእኔ ስም የተዘጋጀ ቃለ መሃላ ነው። በምርመራው ቀን የነበሩት መሣሪያዎች በሙሉ የኮሌጁ ናቸው ይላል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ደግሞ ስለ ልጅቷ ይናገራል፤ በትምህርቷ ደካማ ናት፣ ያን ቀን በድንጋጤ ያልሆነ ነገር ተናግራለች፣ እኔ አስተማሪዋ ይህንን አረጋግጣለሁ ይላል።

«ከክፍሉ አንደኛ እኮ ናት» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ምዋሊሙ፣ ይሄ ትምህርት ቤት ከወደቀ ሃያዎቹም ተማሪዎች ይወድቃሉ። አንዷ ደካማ ነበረች ብትባል ግን ሁሉም ይድናሉ። እሷም ጭምር።»

ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ ፓስፖርቴን አየና መልሶ ዘጋው።  ያለ እሱ ፊርማ ፐርሚቴ አይታደስም።

ወረቀቱን ይዤ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ሦስቱንም ገጽ አነበበች።

«ፈርም» አለችኝ።

ተቆጥቼ ቀና አልኩ።

«አትየኝ እንደዚህ» አለች። «እኔም ነውር መሆኑ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም። ልጃችን ትምህርቷን በዓመቱ መሃል አቋርጣ የት ትሂድ? አገራችን ብንመለስ ቤት የለን፣ ሥራ የለን። አንተ ንጹሕ ሆነህ እኛ ሜዳ ላይ እንቅር?»

 ወረቀቱን አምስት ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። በየቀኑ ጠዋት ዛሬ እፈርማለሁ እላለሁ፤ ክፍል ገብቼ ልጅቷን ብቻዋን ከፊት ተቀምጣ ሳያት አልችልም። አልፈርምም ብዬ ደግሞ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ስሄድ ባለቤቴ ትታወሰኝና በሩ ላይ እመለሳለሁ።  የሚያስጨንቀኝ ከሁለቱ አንዱን መምረጡ ብቻ አልነበረም። ያን ጠዋት ገመዱን ሳስተካክል አንዴ የመረጥኩ መሆኔ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ሁርሊንግሃም ሄድኩ። ምሳ ሰዓት አልፎ ምግብ ቤቱ ጭር ብሏል። የልጅቷ እናት ጠረጴዛ እየጠረጉ ነበር። ወረቀቱን አውጥቼ፣ እንግሊዝኛው ምን እንደሚል በአማርኛ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ጨርቁን ይዘው ቁጭ አሉ።

«ልጄ ያን ዕለት መጥታ፣ በእኔ ምክንያት ክፍሉ በሙሉ ወደቀ ብላ አልቅሳለች» አሉኝ። «ለምን ዝም አላልሽም ብዬ የተቆጣኋት እኔ ነኝ። አንተ ዕቃው የተውሶ መሆኑን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር እትዬ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያው ጠዋት።»

ጨርቁን በእጃቸው አጣጠፉት።

«እኔ እኮ ያስገባኋት አንተን አይቼ ነው» አሉ በመጨረሻ። «እውቅና ምናምን የሚባለውን እኔ ምን አውቄ። አንተን ነው ያወቅኩት።» ተነሡና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ የቀረውን ጠረጴዛ መጥረግ ቀጠሉ። «እኔን ማለቃቀሻ አታድርገኝ። የምታደርገውን ሄደህ አድርግ።»

በማግስቱ ዳይሬክተሩን አልፈርምም አልኩት። አልጮኸም። ፓስፖርቴን ከመሳቢያው አውጥቶ ሰጠኝ።

«እንግዲያው የእኔንም ፊርማ አትጠብቅ» አለኝ።

ተማሪዎቹ በዚያ ሰሞን የራሳቸውን ጠበቃ ይዘው ወደ ክርክሩ ገብተው ነበር። ለጠበቃቸው የራሴን ቃለ መሃላ ሰጠሁ። አራቱን ማይክሮስኮፕ፣ አሥራ ስድስቱን፣ ማን እንዳመጣቸው፣ እኔም አውቄ ዝም ማለቴን ጻፍኩ። ስለ ልጅቷ የጻፍኩት አጭር ነው። የተጠየቀችውን በትክክል መልሳለች፣ ከተማሪዎቼ ሁሉ የተሻለች ናት የሚል ነው። ወረቀቱ ክፍል ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዳንዶቹ እሷን ይቅርታ ጠየቁ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ አሁን እኔን ሰላም ማለት ተዉ። አልፈረድኩባቸውም። በእኔ ቃል ምክንያት ኮሌጁ ቢሸነፍ የጠፋው ዕድሜ የእነሱ ነበር።

ውሳኔው ለመውጣት ሌላ ስምንት ወር ፈጀ። ዳኛው የቦርዱን እምቢታ አጸኑት። ተማሪዎቹ ግን ባላጠፉት ሊቀጡ አይገባም ብለው፣ ቦርዱ ራሱ ፈትኗቸው እውቅና ባላቸው ትምህርት ቤቶች እንዲመድባቸው አዘዙ። አብዛኞቹ እንደገና ከአንደኛ ዓመት ጀመሩ። ጥቂቶቹ በቃን ብለው ቀሩ፤ አንዱን በኋላ መሃል ከተማ የስልክ ቀፎ ሲሸጥ አግኝቼው፣ ሰላም ብሎኝ ወደ ደንበኛው ዞረ። ልጅቷ ሁለተኛ ዓመት ተመደበች፣ ከናይሮቢ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ በሚገኝ የመንግሥት ኮሌጅ።

ፐርሚቴ ሳይታደስ ቢቀርም እኛ ከከተማዋ አልወጣንም። ባለቤቴ በስንት ልመናና ደጅ ጥናት አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሥራ አገኘች፤ አሁን ደግሞ የእኔ የመኖሪያ ፈቃድ በእሷ ላይ ተንጠለጠለ። ፓስፖርቴ ላይ የተመታው ማኅተም መሥራት አይፈቀድለትም ይላል። ከሁለት ዓመት በላይ ቤት ዋልኩ። ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ እመለሳለሁ፣ በረንዳ ላይ ቆሜ መንገዱን አያለሁ፣ ልጄን ላመጣ እሄዳለሁ። ሁርሊንግሃም ምሳ መብላታችንን ትተን ነበር። ባለቤቴ ስለዚያ ወረቀት አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም፤ ብታነሣው ይሻለኝ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ። ቁጥሩን አላወቅኩትም።

«ቲቸር፣ እኔ ነኝ» አለች፤ ያቺ ተማሪዬ ናት። ደህና ነዎት ወይ ብላ እንኳ አልጠየቀችም። «በጊምዛ ቀለም ሳቀልም ስላይዴ በሙሉ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፤ ቀዩ ሴል አይለይም። ሦስቴ ደገምኩት። ምንድን ነው?»

«በምን ውኃ ነው የምትበጠብጪው?»

«በቧንቧ ውኃ። አሲዱን የሚያስተካክለው በፈር አልቋል።»

የውኃውን አሲድነት እንዴት እንደምትለካ፣ ካልሆነ ምን ጨምራ እንደምታስተካክለው፣ ስንት ደቂቃ ቀለሙ ውስጥ እንደምታቆየው ነገርኳት። እየጻፈች እንደሆነ ይሰማኛል፤ «ቆይ፣ ቆይ» ትለኛለች። መልሳ ልታነብልኝ ስትጀምር የስልኳ ሒሳብ አለቀና ስልኩ ተቋረጠ። እኔው መልሼ ደወልኩላት።